ደብረ ሊባኖስ፦ ከአፋፉ በታች

ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዤ፣ ፍቼ ሳልደርስ ከመገንጠያው ወረድኩ። ገዳሙ ከዚያ በስተቀኝ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ነው። ብዙ ተጓዥ አፋፉ ላይ ይቀራል፤ አይፈረድበትም። ሸለቆው ወደ ጀማ ወንዝ ይወርዳል፣ ጭላዳው ሣር ይነጫል፣ በስም የፖርቱጋሎች፣ በሥራ የራስ ዳርጌ የሆነው ድልድይም ቅርብ ነው። ምሳ፣ ፎቶ፣ ከዚያ ወደ ቤት። ገደል ግን የቱንም ያህል ቢያምር በማግስቱ ይለመዳል።

ሱባኤ የሚይዝ፣ ማለትም ለጾምና ለጸሎት ተለይቶ የሚሰነብት ሰው ግን ቁልቁል ወደ ገዳሙ ይወርዳል። ዝግጅቱ ከቤት ይጀምራል። የንስሐ አባትን አማክሮ የቀኑን ብዛት መወሰን ነው፤ ለጀማሪ 7 ቀን ይበቃል። ቡናን ከሳምንት በፊት መቀነስ ያስፈልጋል። በድንገት ሲቋረጥ በ1 ቀን ውስጥ ራስ ምታት ያመጣል፣ በሁለተኛው ቀን ይብሳል። ሰውየው «ፈተና መጣብኝ» ይላል፤ የመጣበት ግን ሱሱ ነው። ስንቅ 1 ኪሎ በሶና 2 ኪሎ ቆሎ፣ ልብስ ጋቢ፣ መጽሐፍ ውዳሴ ማርያምና ዳዊት። ሻንጣ ሙሉ ብስኩት የያዘ ቀኑን ስለ ምግብ ሲያስብ ይውላል። የሐኪም መድኃኒት አይቋረጥም፤ የስኳር ሕመም ያለበትም ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጾምም።

ንጋት ላይ የኪዳን ጸሎት፣ ቀጥሎ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም፤ ከዳዊት 150 መዝሙራት በቀን 22 ያህል ቢደገም በ7 ቀን ያልቃል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የጸለዩበት ዋሻና ጸበሉ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ናቸው፤ ጸበል በባዶ ሆድ ነው። በጾም ወቅት እስከ 9 ሰዓት እህል የለም።

አስቸጋሪው ሦስተኛው ቀን ነው። ስልክ ተዘግቷል፣ ወሬ አልቋል፣ አዲስ የሚታይ ነገር የለም፤ ብዙዎች ሻንጣቸውን የሚሸክፉት ያኔ ነው። እኔ ግን ሱባኤው ገና አሁን ተጀመረ እላለሁ፦ ሰው በገበያና በሽርሽር ሲያዳፍነው የኖረው ባዶነት ብቅ የሚለው እዚህ ላይ ነው። የሚበጀው የጸሎት ሰዓትን አለመልቀቅና ለገዳሙ ሥራ መታዘዝ ነው፤ ውኃ መቅዳት ከብዙ ማሰላሰል ይሻላል።

ጸጥታ የሚፈልግ የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን በዓላት፣ ነሐሴ 24ንና ግንቦት 12ን ይሽሽ፤ ሕዝቡ ከየአገሩ ይጎርፋል። በ1929 ዓ.ም. የግራዚያኒ ጦር መነኮሳቱን የፈጀውም ለዚሁ የግንቦት በዓል በተሰበሰቡበት ሰሞን ነው።

ሲያበቃ መጀመሪያ አጥሚት፤ ክትፎው ሁለት ቀን ይቆይ። መኪና የሚገኘው ዋናው መንገድ ላይ ስለሆነ አቀበቱን ፀሐይ ሳይበረታ መጀመር ነው።