ፎርት ሊ፦ የተኳረፉት ባልና ሚስት ሀገር

ከዋሽንግተን ወደ ኒውዮርክ የሚሄደው አውቶቡስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይነሳል ተብሎ አራት ሰዓት አካባቢ ተነሳ። ይቅርታ የጠየቀን የለም፤ ማሞቂያውም አይሠራም። እንዲህ ያለ ንቀት በጣም ያናድደኛል። ደግነቱ አጠገቤ የተቀመጡት ልጃቸው ወልዳ ሊያርሷት የሚሄዱ የጎንደር እናት ነበሩ። ከዳቧቸው ቆርሰው ሰጡኝ፤ እኔም ከኒውዮርክ ማዶ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ ወዳለችው ፎርት ሊ የምሄድበትን ምክንያት፣ አንድ አጭር ፊልም፣ በስልኬ አሳየኋቸው።

ፊልሙ ፈረንሳዊቷ ዳይሬክተር አሊስ ጊ ብላሼ እ.ኤ.አ. በ1913 የሠራችው «የተከፋፈለ ቤት» ነው። ድምፅ የለውም፤ ሩብ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ባል ቢሮ የተረጨ ሽቶ እየሸተተ ቤቱ ይገባል፤ ሚስት ትጠረጥራለች። እሱ ደግሞ ሌላ ሰው ረስቶት የሄደ ጓንት ያገኛል። ተኳረፉ። ጠበቃ ገባበትና በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ በጽሑፍ ብቻ እንዲነጋገሩ አዋዋላቸው።

እማማ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ «ሽማግሌ የላቸውም እንዴ ልጄ? ጠበቃ ደግሞ መቼ አስታርቆ ያውቃል!» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እኛ ዘንድ ሦስት ሽማግሌ በአንድ ጀምበር የሚጨርሰው ጉዳይ ነበር።

እኔን የሚማርከኝ ወረቀቱ ነው። ድምፅ በሌለው ፊልም ውስጥ ሁሉም ዝም ብሏል፤ ታዲያ ኩርፊያ በምን ይለያል? አሊስ ብጣሽ ወረቀት አስያዘቻቸው። ባል ይጽፋል፣ ሚስት አንብባ ፊቷን ታጠቁራለች፣ እኛም አብረን እናነባለን።

ኒውዮርክን አየሁ አልልም። በባቡር 175ኛ ጎዳና ወጣሁና የጆርጅ ዋሽንግተንን ድልድይ በሚኒባስ ተሻገርኩ።

ሆሊዉድ ሳይገን የአሜሪካ ፊልም መናኸሪያ ፎርት ሊ ነበረች። ፓሪስ ውስጥ የፊልም ኩባንያ ባለቤቱ የሌዮን ጎሞን ጸሐፊ ሆና የጀመረችው አሊስ፣ በ1912 የራሷን የፊልም ኩባንያ የሶላክስን ስቱዲዮ እዚህ አስገነባች። ለተዋንያኑ «ተፈጥሯዊ ሁኑ» የሚል ጽሑፍ በትልቁ ሰቅላላቸው ነበር። ዛሬ ስቱዲዮው የለም። ሌሞይን ጎዳና ላይ ቆሜ መኪና ሲተላለፍ ሳይ ቆጨኝ፤ ከዓለም ቀዳሚ የሆነች ሴት ዳይሬክተር አንድ ግድግዳ እንኳ ሊተርፍላት ይገባ ነበር። በ2022 የተከፈተው የባሪሞር ፊልም ማዕከል ግን ልቤን አሳረፈው፤ ከተማዋ ታሪኳን ዘግይታም ቢሆን ይዛለች።

ፊልሙን ለማየት እዚህ ድረስ መምጣት አያስፈልግም፤ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። የትዳር ጓደኛ ያላችሁ አብራችሁ እዩት።