ዋይፋይ የሚያስነሳ ፍላሽ እየሰራሁ ላይሰንስ (የሶፍትዌር ፈቃድ ውል) ማንበብ ጀመርኩላችሁ

ሰላም ልጆች፣ ዴቢያን የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ላፕቶፕ ላይ የሚጭነው ፍላሽ ስራዬ እየሄደ ነው። እዚህ አዳማ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነጻ ሲስተም) ልሞክር የሚል ሰው አይጠፋም፣ ግን አብዛኛው ኢንተርኔቱ የስልክ ዳታ ነው፣ የኔትወርክ ኬብል የሚባል ነገር ቤቱ የለም፣ ስለዚህ ዋይፋዩ ካልተነሳለት እዛው ጋ ተስፋ ቆርጦ ወደ ዊንዶውስ ይመለሳል። ዋይፋዩ እንዲነሳ ደግሞ ፈርምዌር (ካርዱ ላይ የሚሮጥ ፕሮግራም) ይፈልጋል፣ ኩባንያው ኮምፓይል አድርጎ የሚሰጠው፣ ሶርሱ (ሰው የጻፈው ኮድ) የማይታይ ባይነሪ፣ ማለትም ማሽን ብቻ የሚያነበው ፋይል። እኔ ደግሞ ፍላሹን እያባዛሁ ለሰው ልሰጥ ነው ያሰብኩት፣ ነገሩ የከረረውም እዚህ ጋ ነው፣ ምክንያቱም ቤትህ መጠቀምና ማከፋፈል በላይሰንስ ዓይን ለየብቻ ናቸው።

ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ያለው ጂፒኤል 2 በሚባል ላይሰንስ ነው፣ ባይነሪ ከሰጠህ ሶርሱንም ስጥ ነው የሚለው። ሶርስ ሲልም ሰው ሊያሻሽለው ሲፈልግ የሚመርጠውን መልክ ማለቱ ነው። ድሮ ግን አንዳንድ ድራይቨር (ከርነሉን ከካርዱ ጋር የሚያገናኝ ኮድ) ውስጥ ፈርምዌሩ ሲ ኮዱ መሃል እንደ ረጅም የሄክስ ቁጥር ተሰድሮ ይገኝ ነበር፣ አንዳንዱ ፋይል ጭራሽ አናቱ ላይ ጂፒኤል ነኝ ይላል። ባለቤቱ ኩባንያ ምን ቸገረው፣ የራሱ ነው፣ የሚያከፋፍለው ሰው ግን ሶርሱን አምጣ ቢባል ከየት ያመጣዋል? ከርነሉ ቀስ በቀስ ፈርምዌሮቹን ሊኑክስ ፈርምዌር ወደሚባል የተለየ ማከማቻ አወጣቸው፣ የቀረውም የፈርምዌር ፎልደር በፈረንጆቹ 2017 በወጣው የከርነል 4.14 እትም ላይ ተወገደ። ጂፒኤሉ ራሱ የማይገናኙ ስራዎች አንድ ዲስክ ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ችግር የለውም ይላል፣ ፈርምዌሩም የሚሮጠው ካርዱ ላይ ነው እንጂ ከከርነሉ ጋር ሊንክ አይደረግም (አንድ ፕሮግራም ሆኖ አይያያዝም) ነው ክርክሩ። ይሄ የማይዋጥላቸው ሰዎች ደግሞ ሊኑክስ ሊብሬ ብለው ሁሉንም አጽድተው ያወጣሉ፣ አከብራቸዋለሁ ግን በነሱ ከርነል የብዙ ሰው ዋይፋይ አይነሳም።

እና አሁን እዛ የሊኑክስ ፈርምዌር ማከማቻ ውስጥ ያለውን ዌንስ የሚባል ፋይል ነው የማነበው፣ የትኛው ፈርምዌር በምን ላይሰንስ እንደገባ እዛ ተጽፏል። የኢንቴል ዋይፋይ ባይነሪውን እንዳለ አከፋፍሉ፣ ፈታታችሁ አትመርምሩት ነው፣ ለኔ በቂ ነው። ያስቸገረኝ የብሮድኮም የድሮ ካርድ ነው፣ ቢ43 በሚባለው ድራይቨር የሚሰራው፣ ፈርምዌሩን የማከፋፈል ፈቃድ የለም፣ ስለዚህ ተጠቃሚው ራሱ የኩባንያውን ድራይቨር አውርዶ ፈርምዌር ከተር በሚባል መሳሪያ ከውስጡ ቆርጦ ማውጣት አለበት። ፍላሹ ላይ መሳሪያውን ብቻ ነው የማስቀምጠው። ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ለኢንተርኔት ዋይፋይ፣ ለዋይፋይ ፈርምዌር 😅 መውጫው ስልክን በዩኤስቢ ሰክቶ ቴተሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ለላፕቶፑ ማካፈል) ማብራት ነው፣ እሱ ፈርምዌር አይጠይቅም።

ዴቢያን ራሱ ይሄን ጉዳይ ለዓመታት ሲከራከርበት ኖሮ 2022 ላይ ድምጽ ሰጥተው፣ 2023 ላይ ከወጣው ዴቢያን 12 ጀምሮ ፈርምዌሩ ከኦፊሴላዊው ኢንስቶለር (መጫኛ) ጋር ይመጣል። ደስ ያለኝ ሳይደባልቁት ለብቻው ክፍል መስጠታቸው ነው፣ የማይፈልግ ቡት ሲያደርግ ማጥፋት ይችላል።

አንድ ጓደኛዬ "አዳማ ፍራንኮ ሰፈር ላይ ቁጭ ብለህ ማን ሊከስህ ነው" ይለኛል። መከሰሱን ተወው፣ የኛም አዋጅ 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል፣ ዋናው ግን ጂፒኤል ራሱ የሚቆመው በኮፒራይት (በቅጂ መብት) ነው። ሊንክሲስ የሚባለው ኩባንያ በፈረንጆቹ 2003 ላይ የዛን የታወቀ ራውተሩን ሶርስ የለቀቀው፣ ኦፕን ደብሊው አርቲ የሚባለው ነጻ የራውተር ሲስተምም ከዛ የተነሳው፣ ጂፒኤልን አክብሩ ስለተባለ ነው። የብሮድኮምን ላይሰንስ ረግጬ ሌላውን ጂፒኤል አክብር ብል ማን ይሰማኛል?

አሁን የቀረኝ የየፈርምዌሩን የላይሰንስ ጽሁፍ አንድ ፎልደር ውስጥ ሰብስቦ ፍላሹ ላይ መጫን ነው፣ አብዛኞቹ ጽሁፉ አብሮ ይሂድ ስለሚሉ። አዳማ ውስጥ የድሮ ብሮድኮም ካርድ ያለው ላፕቶፕ ያላችሁ ኢንቦክስ አድርጉኝ፣ ቴተሪንጉን እሱ ላይ ልሞክረው።