ሆስፒታሉ ስታዲየም በነበረ ጊዜ

ሰሞኑን ዝም ብሎ ይከፋኛል፣ ይሄ ነው የምለው ምክንያት የለኝም፣ ቅጠል ሲረግፍና ቀኑ ገና በአስራ አንድ ሰዓት ሲጨልም (ዲሲ ያላችሁ ታውቁታላችሁ) ሁሌም እንዲህ ያደርገኛል። ዛሬ ጋሼን ቀጠሮ ስለነበረው የጥቁሮቹ ዩኒቨርሲቲ የሃዋርድ ሆስፒታል ይዤው ሄድኩ፣ እሱ ሲገባ እኔ ወዲያ ወዲህ ስል የድሮው ስታዲየም ምልክት ጋ ደረስኩ፣ የቤዝቦሉ ሆም ፕሌት፣ ኳስ መቺው የሚቆምበት፣ የነበረበት ቦታ ማለት ነው፣ ሆስፒታሉ ውስጥ ምልክት አድርገውበታል። ነርሶች አልጋ እየገፉ በአጠገቡ ያልፋሉ፣ የሚያየው ሰው የለም።

ግሪፊዝ ስታዲየም ይባል ነበር። በ1911 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የእንጨቱ ሜዳ ሲቃጠል በብረትና በኮንክሪት እንደገና ተሠራ፣ በ1965 ፈረሰ፣ በ1975 ሆስፒታሉ እዚያው ላይ ተከፈተ። ሰው ቦታውን የሚያውቀው በቤዝቦሉ ነው፣ የኒውዮርክ ያንኪሱ ሚኪ ማንትል በ1953 ከስታዲየሙ አውጥቶ ስለመታት ኳስ ያልሰማ የለም። እኔን ግን ሁሌ የሚገርመኝ የኮሌጆቹ ፉትቦል ነው፣ በእጅ የሚያዘው የአሜሪካኖቹ። ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ እዚያ ይጫወት ነበር፣ ጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲም እዚያ፣ ሁለቱም የነጮች፣ ከከተማው ምዕራብ በኩል መጥተው የጥቁሮች ሰፈር መሀል ማለት ነው። እና ቀላል ቡድኖች አልነበሩም። ጆርጅታውን 1938ን ሙሉውን ሳይሸነፍ ጨረሰ፣ በቀጣዩ ዓመትም ማንም አላሸነፈው፣ በ1940 ቦስተን ላይ በአንድ ነጥብ፣ 19 ለ18፣ እስኪሸነፍ ድረስ የሚያቆመው አልተገኘም። ጆርጅ ዋሽንግተን ደግሞ ተፊ ሊመንስን የመሰለ ሯጭ አወጣ፣ ኋላ ኒውዮርክ ጃያንትስ ሄዶ ሆል ኦፍ ፌም፣ የታላላቆቹ የክብር መዝገብ፣ የገባውን።

ስለ ሜዳው ካነበብኩት ሁሉ አንጀቴን የበላኝ ግን የመሀለኛው አጥር ነገር ነው። ስታዲየሙ ሲሠራ ከአጥሩ ጀርባ ያሉ አምስት ቤቶች ባለቤቶች አንሸጥም አሉ፣ ስለዚህ ግንቡ ቀጥ ብሎ መሄድ ሲገባው እዚያ ጋ ሲደርስ ወደ ሜዳው ታጥፎ ገባ፣ ቤቶቹንና አንድ ትልቅ ዛፍ ዞሮ ደግሞ ተመለሰ። የዛፉ ቅርንጫፍ ከግንቡ በላይ ይታያል። የድሮ ፎቶ ላይ ሳየው አይኔን መንቀል ያቅተኛል፣ ያን ሁሉ ብር ያፈሰሰ ባለሀብት አንድ ሰው ቤቴ ነው ስላለው ግንቡን አጠፈ። የዛሬ ኮንዶ ሠሪ ቢሆን እንኳን ሊያጥፍ።

የሃዋርድ ግቢ እኮ እዚያው አፍንጫው ስር ነው። ሃዋርድና ሌላው የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ሊንከን በታንክስጊቪንግ፣ በኅዳሩ የምስጋና ቀን፣ ሲገናኙ ከተማው ሙሉ ካፖርቱን ለብሶ ይወጣ ነበር፣ የጥቁር ኮሌጆች ትልቁ በዓል ነበር፣ ግሪፊዝ ላይም ተጫውተዋል፣ በ1926 ሃዋርድ ግቢው ውስጥ የራሱን ሜዳ እስኪሠራ ድረስ። ሌላ ቅዳሜ ግን የሃዋርድ ተማሪ ዶርም ቁጭ ብሎ የሚሰማው እሱን የማይቀበለው ዩኒቨርሲቲ ደጋፊ ሲጮህ ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን ለጥቁር ተማሪ በሩን የከፈተው በ1954 ነው! ስታዲየም መግባት ክልክል አልነበረም፣ ግን ጥቁሩ የሚቀመጠው ቀኝ ጥግ ያለው ፓቪሊዮን ላይ ነበር፣ ተጽፎ የተለጠፈ ነገር ሳይኖር ሁሉም ቦታውን ያውቃል። የኛ የአዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ የኪስ ጉዳይ ነው፣ ብር ያገኘ ቀን ጥላ ፎቅ ትወጣለህ፣ የነሱ ግን ብር አያሻግርህም።

ሳስበው ግን ጆርጅታውን በ1951 ትልቁን ፉትቦል ተወ፣ ጆርጅ ዋሽንግተን በ1957 መባቻ ሰን ቦውል የሚባለውን ትልቅ ግጥሚያ አሸንፎ እንኳን ከአስር ዓመት አላለፈም፣ ከ1966 በኋላ ጭራሽ ዘጋው። ስታዲየሙም የለም። መሬቱ የሃዋርድ ሆነ፣ ሃዋርድ ዛሬም እዚያው ላይኛው ግቢ ሜዳው ላይ ይጫወታል፣ ማርሽ ባንዱ ሲለማመድ ጆርጂያ አቬኑ ድረስ ይሰማል። ይሄ ነገር ደስ ይለኛል፣ በጣም ደስ ይለኛል። ግን ደግሞ ዙሪያውን ስታየው ሰፈሩ እየተለወጠ ነው፣ ዘጠነኛ መንገድ ላይ የኛ ሰው ምግብ ቤት እየዘጋ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ እየሄደ ነው፣ አንሸጥም ይበሉ እንዳልል ብዙዎቹ ተከራይ ናቸው።

እና ከዚህ ሁሉ ሀሳብ ዶክተር መላኩ በያን ጋ ደረስኩ። የጃንሆይ ዘመድ፣ ሃዋርድ ሕክምና የተማረው፣ ጣልያን ሲመጣ በ1935 አገሩ የገባው፣ ኋላ ተመልሶ እዚህ ያሉትን ጥቁሮች ለኢትዮጵያ ያስተባበረው። እሱ ተማሪ እያለ የሃዋርድ ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ፍሪድመንስ ሆስፒታል ከስታዲየሙ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው፣ አሁን ያለው ሆስፒታል ደግሞ የፍሪድመንስ ተተኪ ነው። ጥቁር አሜሪካዊ ነህ ወይስ አይደለህም ለሚለው ጥያቄ በቃልም በተግባርም አንድ ነን ብሎ የመለሰ ሰው ነው፣ ያገባውም ዶሮቲ ሃድሊን ነው፣ ጥቁር አሜሪካዊቷን። ቅዳሜ ከሰዓት ሊመንስ ሲሮጥ ያን ጩኸት ሳይሰማ አይቀርም። ገብቶ ያውቅ ይሆን? ከገባስ የት ነው ያስቀመጡት፣ የንጉሥ ዘመድ የውጭ አገር ሰው ነው ብለው ከነጮቹ ጋር ወይስ ቀኝ ጥግ? እሱንስ ያሳልፉት እንበል፣ ዶሮቲ አብራው ብትሆን እሷን ምን ይሏታል፣ እሱስ ያኔ ምን ያደርጋል?