የ1975 ዳትሰኔ ላይ ቱርቦ ሞተር እንዴት ገጠምኩ

ሞተር አውጥቶ ሌላ ሞተር ማስገባት ብዙ ሰው የሚፈራው ሥራ ነው። ከሁሉም ቀላሉ ግን እሱ ነው። ክሬን ትከራያላችሁ፣ ጉልበት ያለው ጓደኛ ትጠራላችሁ፣ ቅዳሜን ትሰጡታላችሁ፣ ያልቃል። ዳትሰን 280ዜድ ላይ ቱርቦ ሞተር ስገጥም ጊዜዬንም ገንዘቤንም የወሰዱት ዘይት፣ ቤንዚንና ሙቀት ናቸው። ቱርቦ፣ በጭስ ግፊት እየዞረ አየር ጨምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባው ዕቃ፣ የሚኖረውም የሚሞተውም በእነሱ ነው። ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ሥራ ላሰባችሁ ነው። በተለይ እንደኔ እዚህ አሜሪካ፣ ከሥራ መልስ በቤታችሁ ጋራዥ ለምትሠሩ።

መጀመሪያ ስለ መኪናዋ ላውራ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ዜድ፣ ኒሳን ወደ ውጭ ዳትሰን በሚል ስም የሸጣት ስፖርት መኪና፣ ጃፓን ውስጥ ፌርሌዲ ዜድ ተብላ የወጣችው በ1969 መገባደጃ ላይ ነው። አሜሪካ የገባችው 240ዜድ በሚል ስም ነበር። 2.4 ሊትር፣ በአንድ መስመር የተደረደሩ ስድስት ሲሊንደሮች፣ ረጅም ኮፈኖ፣ ሁለት ወንበር። ለኛ አካባቢ ሰው ደግሞ የሚያኮራ ታሪክ አላት። በ1971 እና በ1973 የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ አሸንፋለች። የ1973ቱን የነዳት ኡጋንዳ የተወለደው ሼካር ሜህታ ነው። ያንን ጭቃና አቧራ የቻለች መኪና ቱርቦም ትችላለች ብዬ ነው የተነሳሁት።

እኔ የመረጥኳት 280ዜድን ነው። ከ1975 እስከ 1978 አሜሪካ ውስጥ የተሸጠችው ናት። ከፋብሪካ ስትወጣ ጀምሮ ኢንጀክሽን (ቤንዚኑን በግፊት የሚረጭ ዘዴ) አላት። ይህ ለቱርቦ ትልቅ ነገር ነው። የ240ዜድ ታንከር የተሠራው ለካርቡራተር ነው። ነዳጁ ሲያንስና መኪናው ሲታጠፍ ቤንዚኑ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፣ ፓምፑም አየር ይስባል። ካርቡራተር በራሱ ሳህን ውስጥ ያጠራቀመው ስላለ ለጊዜው ይችለዋል። ግፊት ላይ ያለ ቱርቦ ሞተር ግን ለአፍታ ቤንዚን ቢጎድለው ፒስቶን ሊያጣ ይችላል። 240ዜድ ያላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ ከታንከሩ ቀጥሎ ነዳጅ የሚያቆይ ትንሽ ተጨማሪ ታንክ ይገጠማል። ወጪው ግን ከመጀመሪያው ይታሰብ።

ሞተሩስ? አሁን ፋሽኑ የሸቭሮሌ ቪ8፣ የኒሳን አርቢ ወይም የቶዮታ 2ጄዜድ ነው። ሁሉም ጥሩ ሞተሮች ናቸው። ነገር ግን ለእያንዳንዳቸው የሞተር ማሰሪያው፣ የካምቢዮው ቦታ፣ የኋላው ዘንግ ርዝመት እንደ አዲስ ይበየዳል። ኒሳን ራሱ ከ1981 እስከ 1983 በ280ዜድኤክስ ቱርቦ ላይ ኤል28ኢቲ የሚባል ሞተር አውጥቶ ነበር። ከኔ ሞተር ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጅ ነው። ያው ብረት ሞኖብሎክ፣ ያው የአሉሚኒየም ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን)፣ ያው ማሰሪያ። ምንም ሳይቆረጥ ቁጭ ይላል። በፋብሪካ ሁኔታው 180 የፈረስ ጉልበት አለው። ዛሬ ይህ ቁጥር ትንሽ ሊመስል ይችላል። መኪናዋ ግን ቀላል ናት፤ ጉልበቱም ሞተሩ ብዙ ሳይሽከረከር ቀድሞ ይመጣል። ለኔ ከቁጥሩ ይልቅ ዜድ ዜድ ሆና መቅረቷ ይበልጣል።

የተለመደውን ሞተር ይዞ ቱርቦ ብቻ መለጠፍስ አይቻልም ወይ? ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። የ280ዜድ ሞተር አየርና ቤንዚኑን 8.3 ለ1 ይጨምቃል። ቱርቦው 7.4 ለ1 ነው። ቱርቦ አየሩን አስቀድሞ ጨምቆ ስለሚሰጥ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚቀረው ጭመቃ ዝቅ ማለት አለበት። ካልሆነ ድብልቁ ካለጊዜው ይፈነዳል፤ ሞተሩ ያንኳኳል። ማንኳኳቱ ከቀጠለ ጋርኒሽኑም ፒስቶኑም አይተርፍም።

ሞተሩን ያገኘሁት ከጃንክያርድ ነው። ሳልከፍተው ላስገባው አልፈለግሁም። አርባ ዓመት ያለፈው ሞተር ውጪው ቢታጠብም ውስጡ ሌላ ነው። ቴስታታውን ሳነሳ ሲሊንደሮቹ ጥሩ ነበሩ። ችግሩ ጭስ ሰብሳቢው ብረት ላይ ነበር፤ የመጨረሻው ብሎን ውስጥ ተቆርጦ ቀርቷል። ይህ የዚህ ሞተር የታወቀ በሽታ ነው። ረጅሙ ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲቀዘቅዝ ያጥራል፣ ጫፍ ያሉትን ብሎኖች ይቆርጣል። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያደገ አንድ አንጋፋ ሜካኒክ ጋ ወሰድኩት።

«ልሰርስረው እንዴ ጋሼ?» አልኩት መሰርሰሪያውን ይዤ።

«ተው ልጄ፣ አሉሚኒየሙን ትበላዋለህ» አለኝ። በተቆረጠው ብሎን ጫፍ ላይ ዳዶ በየደበት። እስኪቀዘቅዝ ጠበቀና በቁልፍ ወዲያ ወዲህ እያለ አወጣው። የብየዳው ሙቀት ዝገቱን ያላቅቀዋል። መሰርሰሪያ ከማንሳታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ።

ዘይት ፓምፑን ስትመልሱም ተጠንቀቁ። ፓምፑንና ስፒንተሮጄኖውን (ብልጭታውን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለውን) የሚያዞረው አንድ አጭር ዘንግ ነው። አንደኛው ፒስቶን በጭመቃው ጫፍ ላይ ሲቆም፣ የዘንጉ ምላስ ከላይ ሲታይ በሰዓት ገጽ ላይ 11 እና 5ን እንደሚያገናኝ መስመር ዘንበል ማለት አለበት። አንድ ጥርስ ከዘለለ ማቀጣጠያው ይዛባል፤ ሰው ደግሞ ጥፋቱን ሽቦ ላይ ሲፈልግ ይከርማል።

አሁን ወደ ቱርቦው ዘይት። የዚህ ሞተር ቱርቦ ጋሬት ቲ3 ነው፤ የሚቀዘቅዘው በዘይት ብቻ ነው፣ ውሃ አይዞርበትም። ውስጡ ያለው ዘንግ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ዙር በላይ ይሽከረከራል፣ የተንሳፈፈውም በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ነው። ወደ ቱርቦ የሚገባው ዘይት በግፊት ይሄዳል፣ ስለሱ ብዙ አያሳስብም። የሚመለሰው ግን በስበት ብቻ ነው የሚወርደው። ስለዚህ መመለሻው ቱቦ ሰፊ፣ አጭር፣ ያለ ምንም እጥፋት ቁልቁል የሚሄድ መሆን አለበት። መሃሉ ላይ ትንሽ ካጎነበሰ ዘይቱ ቱርቦ ውስጥ ይጠራቀማል፣ በመዝጊያው ሾልኮ ይወጣል፣ መኪናው ሰማያዊ ጭስ ያጨሳል። ብዙ ሰው ያኔ ቱርቦው ሞቷል ብሎ ሌላ ይገዛል። መጀመሪያ ቱቦውን እዩ።

የአገር ቤት የከባድ መኪና ሾፌሮች ከረጅም መንገድ በኋላ ሞተር ወዲያው አያጠፉም፣ ጥቂት በሚኒሞ ያቆዩታል። ዜድ ላይም ያው ነው። የጋለ ቱርቦ ዘይቱ ድንገት ሲቆም ውስጡ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ ወደ ከሰል ይለወጣል፣ ኩሽኔታውንም ይበላል።

ቤንዚኑ ላይ መረዳት ያለባችሁ አንድ ነገር አለ። ኢንጀክተሩ ቤንዚን የሚረጨው አየር ማስገቢያው ውስጥ ነው። ቱርቦው ሲገፋ እዚያ ያለው ግፊት ስለሚጨምር ቤንዚኑን ወደኋላ ይቃወመዋል። ስለዚህ የግፊት መቆጣጠሪያው ከአየር ማስገቢያው በቀጭን ቱቦ ይገናኛል። አየሩ በአንድ ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ሲጨምር ቤንዚኑም በአንድ ይጨምራል። ይህች ቱቦ ብትወልቅ ወይም ብትሰነጠቅ ቤንዚኑ የሚያንሰው ልክ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው። አዲስ አስገቡ፤ በማሰሪያም እሰሯት።

የፋብሪካውን ኮምፒውተርና ገመዶች አልተጠቀምኩም። የዚያ ዘመን ሽቦ ሲነኩት ይሰባበራል። በምትኩ ሜጋስኩርት የሚባል፣ ባለቤቱ ራሱ የሚያስተካክለው የሞተር ኮምፒውተር ገጠምኩ። እሱ የአየሩን መጠን የሚያሰላው ከግፊትና ከሙቀት ስለሆነ ትልቁ የአየር መለኪያ ሳጥን ይቀራል። ከሱ ጋር ሰፊ ልኬት ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ግዴታ ነው። በዝግታ ስነዳ 14.7 ክብደት አየር ለ1 ቤንዚን አካባቢ አቆየዋለሁ። ግፊት ሲነሳ ወደ 11.5 አወርደዋለሁ፤ ተጨማሪው ቤንዚን ሲሊንደሩን ያቀዘቅዛል። ብልጭታውንም አዘገያለሁ፤ በአንድ ፒኤስአይ አንድ ዲግሪ ያህል መቀነስ ለመነሻ ጥሩ ነው። ይህን በመንገድ ላይ ብቻችሁን አትሞክሩ። አንድ ሰው ይነዳል፣ ሌላው ኮምፒውተሩን ያያል።

ሙቀቱ ላይ ተጨማሪ ጊዜ ባጠፋ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ሰው የሚንቀው እሱን ነው። በዚህ ሞተር አየር ማስገቢያውና ጭስ ማውጫው በአንድ ወገን ናቸው። እዚያው በግራ በኩል የመሪው ዘንግ፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን ቱቦዎች አሉ። በመሃላቸው የጋለ ቱርቦ አስቡ። የጭስ ቱቦውን በሙቀት መከላከያ ጨርቅ ጠቀለልኩት። በቱርቦውና በፍሬን ቱቦዎቹ መካከል የላሜራ ጋሻ አደረግሁ፤ ላሜራው ከሁለቱም ወገን አየር እንዲያልፍበት ራቅ ብሎ ቆሟል። የነዳጅ ቱቦዎቹንም አሸሸኋቸው። የመሪው ዘንግ መጋጠሚያ ላይ ላስቲክ ካለ መፈተሽ አለበት፤ ያ ላስቲክ ከቀለጠ ጉዳዩ የሞተር መሆኑ ያበቃል።

ፍሪሲዮን ላይ የዜድ ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት ወጥመድ አለ። ቱርቦ መኪናው 240 ሚሊሜትር ፍሪሲዮን ነበረው፤ የመደበኛው 225 ነው። የሚገፋው ኩሽኔታ የሚቀመጥበት ቀለበት ቁመቱ ይለያያል፤ መመሳሰል ያለበት ከካምቢዮው ጋር ሳይሆን ከፍሪሲዮኑ ክዳን ጋር ነው። ካልተመሳሰለ ወይ አይለቅም ወይ ይንሸራተታል፣ ካምቢዮውም ዳግም ይወርዳል። እኔ ከ280ዜድኤክስ የወጣ የኒሳን ባለ 5 ማርሽ አስገባሁ። የኋላው አር200 ዲፈረንሻል ጠንካራ ነው፣ አልነካሁትም።

ፍሬን ከጉልበት በፊት ነው። የፊቱን በቶዮታ ባለ አራት ጎማ ፒክአፕ ባለ አራት ፒስቶን ፍሬን ቀየርኩ። ከ1979 እስከ 1985 የነበረው ዜድ ላይ ይገባል። አገር ቤት ሃይሉክስን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል። ሻንሲዋን ግን ከዚህ ሁሉ በፊት እዩ። ባትሪ ማስቀመጫው ሥር፣ ወለሉ፣ የኋላ ጎማ ፊት ያለው ጠርዝ ዋና የዝገት ቤቶች ናቸው። በበሰበሰ ብረት ላይ ጉልበት አይጨመርም።

ሕጉንም አትርሱ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ያላችሁ፣ ከ1976 ጀምሮ የተሠራ የቤንዚን መኪና የጭስ ምርመራ አለበት፤ 1975 እና ከዚያ በፊት የተሠራው ነፃ ነው። የአንድ ዓመት ልዩነት ሙሉውን ፕሮጀክት ሊያስቆም ይችላል። መኪና ከመግዛታችሁ በፊት የስቴታችሁን ሕግ አንብቡ።

የመጀመሪያውን ማስነሻ ያለ ብልጭታና ያለ ቤንዚን ጀምሩ። የዘይት ግፊቱ እስኪነሳ በሞተሪኖ ብቻ አዙሩት፣ ቱርቦው ደረቁን አይዙር። ከዚያ በኋላ ነው የሚቀጣጠለው። የመጀመሪያውን ዘይት ቶሎ ቀይሩት።

እኔ አሁን በ7 ፒኤስአይ፣ በፋብሪካው ልክ ነው የምነዳት። ተጨምቆ የሚገባው አየር ትኩስ ስለሆነ ያለ ኢንተርኩለር (ያንን አየር ሞተር ሳይገባ የሚያቀዘቅዝ ዕቃ) ከዚህ አላልፍም። ኢንተርኩለሩን ራዲያተሩ ፊት ለማስገባት ቦታውን እየለካሁ ነው። ቱቦዎቹ የሚያልፉበትን ቀዳዳ የባትሪ ማስቀመጫው በኩል ላድርገው ወይስ በታች የሚለውን ገና አልወሰንኩም።