ከዕቃው በፊት ሽቦውን

ኮንዶሚኒየም ደርሶን ልንገባ ስንል ወሬው ሁሉ ስለ ሴራሚክ፣ ስለ ኪችን ካቢኔትና ስለ ቀለም ነበር። እኔ የመጀመሪያውን ገንዘቤን ያወጣሁት ግድግዳ ውስጥ ባለው ሽቦ ላይ ነው። ዛሬም አዲስ ቤት የሚገባ ሰው ሲጠይቀኝ የምነግረው ይህንኑ ነው። ፍሪጅ፣ ምጣድና ማሞቂያ ከመምረጣችሁ በፊት ቤቱ ምን ያህል መሸከም እንደሚችል እወቁ። ዕቃ ይቀየራል። ቀለም የተቀባበት ግድግዳ ውስጥ ያለ ሽቦ ግን ማን በቀላሉ ይቀይረዋል?

የጠራኋቸው ባለሙያ ዕድሜያቸውን በዚህ ሥራ ላይ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ገና ከመግባታቸው የብሬከሩን ሳጥን ከፈቱ። ለመብራት 10 አምፔር፣ ለሶኬት 16 አምፔር። ሌላ የለም። ኩሽና ያለውን ሶኬት እያሳየሁ፣ «ጋሼ፣ ምጣዱን እዚህ ብሰካውስ?» አልኳቸው።

«ስሚ ልጄ፣ ይሄ ለቲቪና ለቻርጀር ነው። ምጣድ የራሱን መስመር ይፈልጋል።»

ሂሳቡን ወረቀት ላይ ሠርተው አሳዩኝ። የቤት ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል። 3,800 ዋትን ለ220 ቮልት ስናካፍለው 17 አምፔር አለፍ ይላል። ሶኬቱ የተሠራው ለ16 ነው። ልዩነቷ ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን ካውያ ሲሞቅ ራሱን እያጠፋ ያርፋል፣ ምጣድ ግን ጋግረን እስክንጨርስ ያለ ዕረፍት ይስባል። በዚያ ላይ ሶኬቱ ውስጥ አንድ የላላ ብሎን ካለ መሞቅ ይጀምራል። ከዚያ ይጠቁራል፣ በመጨረሻም ይቀልጣል። ብዙ ቤት ውስጥ ያየነው ያ የጠቆረ ሶኬት ታሪኩ ይኸው ነው።

ስለዚህ ከብሬከሩ ሳጥን እስከ ኩሽና ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ለምጣድ ብቻ አዘረጋሁ። የራሱ 25 አምፔር ብሬከር ገባለት። ሶኬት የሚባለውንም ትተን በቀጥታ ከራሱ ማብሪያ ጋር አገናኘነው። አብረን ኧርዙን፣ ያፈተለከ ኮረንቲ ወደ መሬት የሚያወርደውን ሽቦ፣ አየን። የምጣዱ ዙሪያ ብረት ነው፤ እጃችን ደግሞ በሊጥና በውሃ እንደረጠበ ነው የምንነካው። ኧርዝ የሌለው ምጣድ አንድ ቀን ይነዝራል። ለዚህም ስል 30 ሚሊ አምፔር ኮረንቲ ሲያፈተልክ ወዲያው የሚቆርጠውን ብሬከር አስገባሁ። ፊቱ ላይ የመሞከሪያ ቁልፍ አለው። ወር በገባ ቁጥር እጫነዋለሁ፤ መቁረጥ አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ብሬከር እየወረደ ሲያስቸግር «በትልቅ ቀይርልኝ» የሚል ሰው ብዙ ነው፣ እሺ ብሎ የሚቀይርም አይጠፋም። ብሬከሩ የሚጠብቀው ዕቃውን ሳይሆን ሽቦውን ነው። ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ላይ 32 አምፔር ብሬከር ማስገባት ማለት ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ሲግል የሚያስቆመውን ነገር ማጥፋት ማለት ነው። ብሬከር ደጋግሞ ከወረደ ምክንያቱ ይፈለግ።

ቀጥሎ ወደ ቆጣሪው ሄድኩ። የካርድ ቆጣሪያችን ፊት ላይ ብልጭ የምትል ቀይ ነጥብ አለች። አጠገቧ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራ ተጽፏል። የእኛው 1000 ይላል። የእናንተ ሌላ ቁጥር ሊሆን ይችላል፣ ለምሳሌ 1600፤ ሂሳቡ በዚያው ልክ ይቀየራል። እኔ ያደረግሁት ቀላል ነው። ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ አጠፋሁ። ከዚያ አንድ ዕቃ ብቻ እያበራሁ በሁለት ብልጭታ መካከል ያለውን ሰከንድ በስልኬ ለካሁ። 3,600ን ለሰከንዱ ስታካፍሉት ዕቃው የሚወስደውን ዋት ይሰጣችኋል።

በዚህ መንገድ ቤቴን አወቅሁት። ምጣዱ ሲበራ ነጥቧ በሰከንድ አንዴ ትመታለች። ውሃ ማፍያው ላይ በየሁለት ሰከንዱ። ፍሪጁ ሞተሩ ሲነሳ በየ36 ሰከንዱ፣ ማለትም 100 ዋት። ባለ 9 ዋት አምፖል ብቻውን ሲበራ ቀጣዩን ብልጭታ ለማየት ስድስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ መቆም ነበረብኝ። ሰው የሳሎን አምፖል ለምን በራ ብሎ ልጆቹን ሲቆጣ ያ ስድስት ደቂቃ ትዝ ይለኛል። ሁለት ሰዓት የጋገረ ምጣድ 7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል፤ ፍሪጃችን ያንን የሚጨርሰው በሳምንት ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ እያደገ ስለሆነ፣ ደግሞም ብዙ የተጠቀመ በኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው ስለሚጨምር፣ መቆጠብ ያለብን ምጣዱ፣ ምድጃውና ማሞቂያው ላይ ነው።

ምጣዱ ላይ ምን አደረግሁ? ለሁለት ቀን የሚሆን መጋገር ተውኩ። ሸክላው ለመጋል የሚወስደው ጊዜ ያው ነው፤ ስለዚህ ሊጡ ሞላ ብሎ ሲደርስ በአንዴ እጨርሳለሁ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት እንጀራዎች ሲቀሩ አጠፋዋለሁ። የሸክላው ግለት ያበስላቸዋል። እንጎቻም ካለ በዚያው ይወጣል። አክንባሎው በደንብ መግጠም አለበት፤ እንፋሎት በጎን የሚያስወጣ አክንባሎ ሙቀቱንም ይዞት ይወጣል።

ከሁሉም የተማርኩት ትልቁ ነገር ግን ሰዓቱ ነው። ማታ ማታ እንጀራው ዓይን አላወጣ ይል ነበር። እናቴ ልትጠይቀን መጥታ ሊጡን አገላብጣ አየች። «አብሲቱ ነው» አለች። እኔ መልቲሜትር የሚባለውን የቮልቴጅ መለኪያ ሶኬቱ ላይ አስገብቼ አየሁ፤ 190 ቮልት። ሁሉም ቤት ራት የሚያበስልበት ሰዓት ነው። ቮልቴጅ ሲወርድ የምጣድ ሙቀት የሚቀንሰው በካሬው ልክ ነው። በ190 ቮልት ምጣዱ የሚሰጠው ሙቀት በ220 ከሚሰጠው 75 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። «እማዬ፣ አብሲትሽ ደህና ነው፤ መብራቱ ነው የደከመው» አልኳት። በማግስቱ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ያንኑ ሊጥ ጋገርነው። 218 ቮልት፣ ዓይኑ የሞላ እንጀራ። ከዚያ ወዲህ ጎህ ሲቀድ ነው የምጋግረው። የበዓል ዋዜማ ማታ ደግሞ ጨርሶ አልሞክርም፤ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ጥዶ ትራንስፎርመሩ አይችለውም።

ፍሪጅ ስገዛ የሊትሩን ትልቅነት ከማየቴ በፊት ጎኑ ላይ የተለጠፈውን አነበብኩ። በዓመት ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚፈልግ ይጽፋል። ለ365 አካፍሉት፣ የቀን ቀለቡን ታገኛላችሁ። ያገለገለ ትልቅ ፍሪጅ በርካሽ አገኘሁ ብላችሁ ከመሸከማችሁ በፊት ይህንን አስሉ። ከኋላ ያለው ሰሌዳ ላይ የሚያቀዘቅዘው ጋዝ ዓይነት አለ። አር 600ኤ ከሆነ ሊቀጣጠል የሚችል ጋዝ ነው፤ ሲጎድል በሌላ ጋዝ መሞላት የለበትም፣ ቱቦው ውስጥ ያለው ጋዝ ተጠርጎ ሳይወጣም እሳት ይዘው አይጠጉት። ጥገና ሲመጣ ሰሌዳውን ራሴ አሳያለሁ።

ፍሪጅ ግን በጋዝ ብቻ ሳይሆን መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ይሞታል። ሞተሩ ቆሞ ወዲያው ሲነሳ ውስጡ ያለው ግፊት ገና አልተስተካከለም። ተጨናንቆ ይግላል። ሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ዕረፍት ይፈልጋል። መብራት ብልጭ ድርግም የሚልበት ቀን ደግሞ ይህንን ዕረፍት አይሰጠውም። ለዚህ የገዛሁት ቮልቴጅ ፕሮቴክተር ነው፤ መብራት ሲመለስ ደቂቃዎች ቆጥሮ ነው የሚለቀው፣ ቮልቴጁ ከልክ ሲያልፍም ይቆርጣል። ቮልቴጅ የሚያስተካክለው ስታብላይዘር ጥሩ ነው፣ ቮልቴጅ ለሚወርድበት ሰፈር በተለይ። ግን የሕንፃው ኒውትራል፣ ኮረንቲው የሚመለስበት ሽቦ፣ ሲላቀቅ አንዳንዱ ቤት ላይ ቮልቴጁ ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። በአንድ ቀን የስንቱ ጎረቤት ቲቪና ቻርጀር አብሮ የሚቃጠለው በዚህ ነው። ያን ጊዜ የሚያድነው የሚያስተካክል ሳይሆን ፈጥኖ የሚቆርጥ ዕቃ ነው።

የበሩን ጎማ በወረቀት እፈትሻለሁ። ወረቀቱን አስገብቼ እዘጋና እስባለሁ። ያለ ምንም መያዝ ከወጣ ጎማው ላልቷል፣ ብርዱም በዚያ በኩል እየወጣ ነው። በሙቅ ውሃና በሳሙና ሳጸዳው ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ከኋላ ያለውን ጥቁር ፍርግርግ ደግሞ ፍሪጁን ከሶኬት ነቅዬና ከግድግዳ አርቄ በብሩሽ አራግፈዋለሁ። የአዲስ አበባ በጋ አቧራው ቀላል አይደለም።

ከውጭ ስለሚመጣ ዕቃም ልናገር፣ ብዙ ቤት አለና። አሜሪካ ያለ ዘመድ በፍቅር የሚልከው መፍጫና ቡና ማፍያ 120 ቮልት ነው። የሶኬቱን እግር በአዳፕተር መቀየር ቮልቴጁን አይቀይርም። ቀጥታ ከተሰካ ያቺው አንዴ ናት። ከታች ያለውን ሰሌዳ አንብቡ፤ ከ100 እስከ 240 ካለ ግድ የለም፣ 120 ብቻ ካለ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። ከዱባይ የሚመጣው በቮልቴጅ ይስማማናል። እግሩ ግን ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ነው፣ ገበያ ያለው ርካሽ አዳፕተር ደግሞ ኧርዙን ቆርጦ ያስቀረዋል። ለልብስ ማጠቢያና ለካውያ እግሩን ራሱን በኧርዝ ባለው አስቀየርኩ። ዲቫይደር ላይ የማሰካው ቻርጀር፣ ራውተርና ቲቪ ብቻ ነው። የሚያሞቅ ዕቃ ሁሉ ቀጥታ ግድግዳ ላይ ይሰካል። ሥራ ላይ እያለም ገመዱንና እግሩን በእጄ ጀርባ እነካለሁ። ለብ ማለት ያለ ነው፤ እጅ የሚያስነሳ ግለት ከሆነ ግን ወዲያው ይነቀላል።

ወደ መብራት ልምጣ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ መብራት ኃይል አሮጌውን አምፖል ተቀብሎ ቆጣቢ አምፖል ሲሰጥ የብዙ ቤት ብርሃን ተቀየረ። አሁን ገበያው የኤልኢዲ ነው። ባለ 9 ዋቱ 800 ሉመን ያህል ከሰጠ የድሮውን 60 ዋት ይተካል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ የማየው ሉመኑን፣ የብርሃኑን መጠን፣ ነው፤ ዋቱ ብቻውን ስለ ብርሃኑ አይነግርም። መርካቶ ባለሱቁ አብርቶ ሲያሳየኝ የስልኬን ካሜራ ከፍቼ አስጠጋለሁ። ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመሮች ከተጓዙ አምፖሉ ዓይን በማያየው ፍጥነት ይርገበገባል። እንዲህ ያለው ማታ ለሚያነቡ ልጆች አይሆንም። አንዱን ትቼ ሌላውን አስበራለሁ፣ ባለሱቆቹም ለምደውኛል።

ቀለሙ ላይ የራሴ ጠንካራ አቋም አለኝ። የብርሃን ቀለም የሚለካው በኬልቪን ነው፤ በየሱቁ ከፊት የሚደረደረው 6500 ኬልቪን የሚለው ነጭ ነው። ለጥናት ጠረጴዛ ይሁን። ለሳሎንና ለመኝታ ቤት ግን 3000 ኬልቪን ፈልጌ ነው የምገዛው። ማታ የሰው ፊት በነጩ ሥር የታመመ ይመስላል፣ በሞቃቱ ሥር ግን ፊትም፣ ወጥም፣ ቡናም የራሱን ቀለም ይይዛል። ኩሽና 4000 አድርጌያለሁ። የተዘጋ የመስታወት ሉል ውስጥ ኤልኢዲ አላስገባም፤ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ቀድሞ የሚሞተው ውስጡ ያለው ትንሹ ሰርኪዩት ነው። መብራት ካጠፋችሁ በኋላ አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ የሚቀር ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ማብሪያው ኮረንቲ የሚያመጣውን ሽቦ፣ ፌዙን፣ ሳይሆን ኒውትራሉን ነው የሚቆርጠው። ይህንን አስተካክሉት። አምፖል ስትቀይሩ ጠፍቷል ያላችሁት ጫፍ ኮረንቲ ይዞ ይጠብቃችኋል።

የሻወር ማሞቂያው የመጨረሻው ነበር። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ከተማ ስለሆነ ፍርሃቴ ባዶውን እንዳይሠራ ነው። ቀዝቃዛው ውሃ በሚገባበት በኩል ወደኋላ የማያስመልስ ቫልቭ አለ፤ እሱ ከተበላሸ ቧንቧው ሲደርቅ የጋኑ ውሃም ይወርዳል፣ ውሃውን የሚያሞቀው ሽቦም ደርቆ ይቃጠላል። ስለዚህ ውሃ በሌለ ቀን ብሬከሩን አወርዳለሁ። ሲመለስም የሙቁን ቧንቧ ከፍቼ አየሩ ወጥቶ ውሃው ያለ ማቋረጥ እስኪፈስ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ነው የማበራው። ውስጡ ደግሞ አኖድ የሚባል የማግኒዚየም ዘንግ አለ። ጋኑ እንዳይዝግ በጋኑ ፋንታ እሱ ይበላል። ባለሙያው ከፍተው ሲያሳዩኝ ጣት ያክል የነበረው ዘንግ እንደ ሽቦ ቀጥኖ ነበር። አዲስ ገባለት፣ ከማሞቂያው ሽቦ ላይም የውሃውን ነጭ ቅርፊት አራገፍነው። የእኛው ዋስትና ወረቀት ላይ ይህ አልተጻፈም፣ ሻጩም አልነገረኝም። ማሞቂያ ያላችሁ በዓመት አንዴ አስከፍታችሁ እዩት፣ ብሬከሩን አውርዳችሁ፣ ውሃውን አፍስሳችሁ።