ከመታወቂያ ላይ የሚነሱ አባቶች

አዳማ ውስጥ ፎቶ አንሺ ነኝ ስል ሰው ወዲያው ሰርግ ያስባል። እውነቱን ነው፤ የቤት ኪራዬን የሚከፍልልኝ ሰርግ ነው። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ቅዳሜና እሁድ የለኝም። "ሥራዬ ይሄ ነው" ያስባለኝ ግን ለቅሶ ነው።

ሰው ሲያርፍ ቤተሰቡ ከሚሯሯጥባቸው ነገሮች አንዱ ፎቶ ነው። ድንኳን ውስጥ የሚቀመጥ፣ በቀብሩ ቀን ከፊት የሚያዝ ትልቅ ፎቶ። ብዙ ጊዜ የሚያመጡልኝ የቀበሌ መታወቂያ ነው። ዕድሜ ጠግቦ የኖረ ሰው፣ ያለው አንድ ጉርድ ፎቶ ብቻ። እሱም ላይ ሐምራዊው ማህተም ከትከሻው ተነስቶ አገጩ ድረስ ወጥቷል። ማህተሙን ኮምፒውተር ላይ ስፍቅ አመሻለሁ። ከኋላዬ የቆመው ልጅ "ሱፍ አልብስልኝ፣ ክራባትም ካለህ" ይለኛል። አለኝ፤ የሌለው ፎቶ ቤት የለም። አባትየው ግን በሕይወታቸው ክራባት አስረው ያውቁ እንደሆነ እንጃ። ደግሞ ትንሽ ፎቶ ሲያሳድጉት ይደበዝዛል። ካሜራው ያልያዘውን የግንባር መስመር ከየት ላምጣው?

ስለዚህ በሕይወት ያሉትን ማንሳት ጀመርኩ። ሰርግ በሌለባቸው እሁዶች ሰው ቤት እሄዳለሁ። ፍላሽ የለ፣ መጋረጃ የለ። መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ ነው፣ በቃ።

በቅርቡ አንዲት እናት "ቆይ ልጄ፣ እንዲህ ሆኜማ አታነሳኝም" ብለው ጥለት ያለው ነጠላቸውን ሊያመጡ ገቡ። "እማማ፣ ደህና ነዎት እኮ" ብል ማን ሰምቶኝ። ሲመለሱ አልበማቸውንም ይዘው መጡ። የዚያን ቀን ካሜራው ሥራ ፈታ ማለት ይቻላል።

አልበሙ ያ ሙጫ ያለው፣ በላስቲክ የሚሸፈነው ዓይነት ነው። ጠላት ነው እሱ። ሙጫው በጊዜ ብዛት ፎቶውን ነክሶ ይይዘዋል፤ በግድ ከሳቡት ይቀደዳል። እኔ የጥርስ ማጽጃ ክር ከሥሩ አስገብቼ ቀስ እያልኩ አላቅቀዋለሁ። እምቢ ካለ እዚያው እንዳለ ከላይ ነው የማነሳው። የድሮዎቹ ባለቀለም ፎቶዎች ቀልተዋል፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠፋው ሰማያዊው ቀለም ስለሆነ ነው። ጥቁርና ነጩ ግን ከነግርማ ሞገሱ አለ።

አንዱ ላይ ሱሪያቸው እግራቸውን የዋጠ ሦስት ወጣቶች ባቡር ጣቢያ ፊት ቆመዋል። ጀርባው ላይ "ለማስታወሻ፣ ናዝሬት፣ 1967" ይላል። ስም የለም። እማማ በጣታቸው እየነኩ ነገሩኝ። "ይሄ ታላቅ ወንድሜ። ይሄ ጎረቤታችን፣ ሳቂታው። ይሄኛው... ቆይ፣ አፌ ላይ ነው።"

ሁለቱን ስሞች ጀርባው ላይ በእርሳስ ጻፍኩ። ስክሪብቶ እንዳትጠቀሙ፤ ቀለሙ ሰርጎ ወደ ፊት ይወጣል። ፎቶውን በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን አድርጌ ለልጆቻቸው በቴሌግራም እንደ ፋይል ላክሁላቸው፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ጥራቱ ይወርዳል። አንድ ኮፒ ፍላሽ ላይ ለእሳቸው፣ አንድ እኔ ጋ።

ሦስተኛውን ልጅ ታናሽ እህታቸው ሳያውቁት አይቀሩም ተብሏል። ወለንጪቲ ነው የሚኖሩት። ፍስክ ሳይገባና ሰርጉ ሳይጀምረኝ፣ እማማን ይዤ እሄዳለሁ።