በ375 ድምፅ የመጣ ነፃነት

ዛሬ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስተን የቼሳፒክን ድልድይ ተሻግረን፣ ከባርነት አምልጣ ሌሎችንም ያስመለጠችው ሃሪየት ተብማን ወደተወለደችበት፣ እዚሁ አሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት ወዳለው ዶርቼስተር ካውንቲ ሄድን። አገሩ ሜዳና ረግረግ ነው፣ በጣም ያምራል። ግን ሰው በዚህ ረግረግ ውስጥ በሌሊት ለነፃነቱ ሲሸሽ ሳስበው ውስጤ ተረበሸ።

ብዙዎቻችን ፕሬዚዳንት ሊንከን በ1863 ባወጣው አዋጅ ባርነት ያበቃ ይመስለናል። አዋጁ ግን በእርስ በርስ ጦርነቱ ያመፁትን የደቡብ ግዛቶች ብቻ ነበር የሚመለከተው። ሜሪላንድ ከሰሜኑ ጋር ስለቆየች ባርነቱም ቀጠለ። በ1860 ቆጠራ ከ87 ሺህ በላይ ሰው በባርነት፣ ወደ 84 ሺህ የሚጠጋ ጥቁር ደግሞ በነፃነት ይኖርባት ነበር፤ የሃሪየት ባል ራሱ ነፃ ሰው ነበር፣ እሷ ግን የሌላ ሰው ንብረት።

ነፃነቱ የመጣው በኖቬምበር 1፣ 1864 ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ነው። ለድምፅ ቀርቦ ያለፈው በ375 ድምፅ ብልጫ! በጦርነቱ ላይ የነበሩት የሜሪላንድ ወታደሮች የሰጡት ድምፅ ባይጨመር ኖሮ ይወድቅ ነበር።

ከሁሉም ያንገበገበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የቀድሞዎቹ ጌቶች ፍርድ ቤት እየሄዱ፣ ሙያ እናስተምራቸዋለን በሚል ሰበብ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁር ልጆችን አስፈርመው ወሰዱ። እናት ነፃ ወጣሽ ተብላ ልጇን ስትነጠቅ አስቡት! እንዲህ ከተወሰዱት ልጆች አንዷ የነበረችው የኤልዛቤት ተርነር ጉዳይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ በነበረው ሳልሞን ቼዝ ፊት ቀርቦ እንዲህ ያለው ውል ሕገወጥ ነው የተባለው በ1867 ነው።

ሜሪላንድ ልጅ የምታሳድጉ ወገኖቼ፣ እባካችሁ አንድ ቅዳሜ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እኛ ቀጥሎ ከባርነት አምልጦ ባርነትን የታገለው ፍሬድሪክ ዳግላስ ወደተወለደበት ታልበት ካውንቲ ነን፣ አብሮን መሄድ የሚፈልግ ይጻፍልኝ።